ጋሪ ናት ያልከኝ መኪና

ሱሉልታ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኩምሳ፣

አካም ጂርታ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ዘንድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከዚህ ብርድ ቆንጥሬ ብልክልህ እንዴት ደስ ባለኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ስወጣ ያማርረኛል። አንተንም እሱ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ሰው ከክፉ ነገር ይሰውርህ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል እንዳትል። ጆሮዬ ስለደከመ ስልክ የማወራው ድምፁን ለቅቄ ነው፤ እኔ ያወራሁትን ሠራተኛዋ ሰምታ ለልጄ ለያኔት ታደርሳለች። ይህን ነገር ደግሞ ያኔት እንድትሰማ አልፈልግም። ሰበታ ያለው ሾፌሩ ኤርምያስ ወደ ጅቡቲ በወረደ ቁጥር ወረቀቴን ይዞልህ ይመጣል፤ መልሱን በሱ ስደድልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎትህ ባይሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የገዛት ፒክአፕ ሞተሯ ነከሰ። መካኒኩ አይቶ አይቶ «እትዬ፣ ይቺን እግዜር ይማራት» አለኝና ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አሁን ወተቱን አዲሱ ገበያ የማወርደው በኪራይ ሚኒባስ ነው። ሰውዬው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። የቀረ ቀን ወተቱ ይበላሻል፣ ካፌዎቹ ይቆጡኛል፣ ወተት የምረከባቸው እነተረፈች ደግሞ የላሞቻቸውን ወተት ይዘው ደጄ ላይ ተገትረው ያዩኛል።

ሌላ አሮጌ ፒክአፕ ልግዛ ብዬ ጠየቅሁ። ጉድ ነው ልጄ። እዚህ አገር ሰው ሲያረጅ ይረክሳል፣ መኪና ሲያረጅ ይወደዳል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ከዚህ በፊት የገባው ሁሉ ወርቅ ሆኗል። ደላላው ያሳየኝ ፒክአፕ በሯ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ዋጋዋን ሲነግረኝ የቆመችበትን ግቢ ጨምሮ የሚሸጥልኝ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ቡራዩ ሄጄ፣ ገብረየስ የሚባል መኪና አስመጪ ዘንድ፣ ለአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ግማሹን ከፈልኩ። በፎቶ ነው ያየኋት፤ ነጭ ናት። በሁለት ወር ትገባለች አለኝ፤ ይኸው አራተኛ ወሯን ይዛለች። በሄድኩ ቁጥር «እትዬ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ናት» ይለኛል። ጅቡቲስ ልጅ አለኝ፣ አልኩ በሆዴ።

ያኔት ምን እንደምትል ታውቃለህ። «እማዬ በቃሽ፣ ለገጣፎ ነይ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል።» ልጅቷ ወዳኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን እኔ ፎቅ ቤት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ሳይ ይታይሃል? በስንት ጭቅጭቅ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥታኛለች። ጾሙ ሲፈታ ካፌዎቹ ወተት አምጪ ብለው ይወጥሩኛል፤ ያኔ መኪና ከሌለኝ ሥራውን ዘግቼ እሷ ጋ እገባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እንግዲህ ከባይሳ ጋር ያቋቋምነው ሥራ በዚህች መኪና ላይ ተንጠልጥሏል።

እስቲ ወደብ ላይ አለች የለችም፣ አይተህ ንገረኝ። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? ሦስት ዓመት ሆነህ እኮ።

የምትወድህ አክስትህ
ወርቅውሃ


ጅቡቲ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎ እቴቴ ወርቄ፣

አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን አምላክ ያበርታልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ገና ነው፣ የሚብሰው ወደፊት ነው።

ኤርምያስ ደብዳቤዎን ከኪሱ ሲያወጣ የመጣብኝ ሐሳብ ሰው ሞቶ ነው የሚል ነበር። የሞተችው ፒክአፕ መሆኗን ሳነብ ተመስገን አልኩ። ግን አጎቴ መንዳት ያስተማሩኝ በሷ አይደል? ጫንጮ መንገድ ላይ ማርሽ ባስጮህኩ ቁጥር «ቀስ፣ ወተት ይዘሃል» ይሉኝ ነበር። ወተት ባልያዝንበት ቀን እንኳ።

ስለ መኪናዋ የማውቀውን ልንገርዎ። እዚህ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሥራዬ ወረቀት ማመላለስ ነው፤ የወደቡ ሜዳ ከመስኮቴ ሥር ነው። መርከብ በቆመ ቁጥር መኪኖች ተራ በተራ እየተነዱ ይወርዳሉ፣ ሜዳው ነጭ በነጭ ይሆናል። መኪና ጠፋ የሚባለው ከዚህ ካለፉ በኋላ ነው። ኤርምያስ ራሱ ፉሪ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ መኪኖች አራግፏል፤ ከወራት በኋላ ሲያልፍ ሸራ ለብሰው እዚያው ቆመዋል። ዋጋው እስኪሰቀል ይጠበቃል፣ ለገዢው ደግሞ «አንዲት ብቻ ናት የቀረችው» ይባላል። ገብረየስ ዶላር ጨመረ ካለዎ እውነቱን ነው፣ ጨምሯል። ግን የእርስዎ መኪና የተገዛችው በፊት ባለው ዶላር ነው። ይህን ይንገሩት ልል ነበር፤ ተውት፣ አኩርፎ ተራዎን ለሌላ እንዳይሰጥብዎ።

እኔ እንድፈልጋት የሻንሲ ቁጥሯን ይቀበሉት። ያለ ቁጥር እዚህ ሜዳ ላይ አንዷን ነጭ ከሌላዋ ነጭ የሚለይ ሰው የለም።

ያኔትን አይቀየሟት እቴቴ። ሥራ በዝቶብኛል፤ በሚቀጥለው በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ያሳደጉት ልጅዎ
ኩምሳ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኩምሴ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ፣ ደጅህ አይዘጋ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከዚህ ጋር ጽፌልሃለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት አትጠይቀኝ። ገብረየስ «እትዬ፣ አያምኑኝም?» አለኝ። «እንዴታ፣ አምንሃለሁ፣ ቁጥሩን ስጠኝ» አልኩት። «ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «ለንስሐ አባቴ አሳይቼ አስጸልይበታለሁ» አልኩት። ሳይወድ ሰጠኝ።

ሰጥቶኝ ሲያበቃ ዋጋው እንደገና ጨመረ አለኝ። ሲጨምርብኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሌላ ሰው ቆሞ እየጠበቃት ነው አለኝ፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ እግሩን አያመውም መሰለኝ። እስከ መጋቢት 25 ወይ ጭማሪውን አምጪ፣ ወይ ገንዘብሽን ውሰጂ ተብያለሁ።

ጭማሪውን ከየት አመጣለሁ ካልክ ሁለቱን ጊደሮች እሸጣለሁ። ጥሩ ለሆነች መኪና ጊደሮቹን አልሳሳም። ለማትረባ ግን አላደርገውም፤ እነሱ ደግሞ ነገ የሚታለቡ ናቸው። ስለዚህ ሂድና በዓይንህ እያት። ዳገት ትወጣለች ወይ፣ ወተት ትሸከማለች ወይ። የባትሪና የምናምን ዝርዝር ብትጽፍልኝ አይገባኝም፤ በአንድ ቃል ንገረኝ፣ እኔ ባንተ ቃል እወስናለሁ።

መቼ እንደምትመጣ ጠይቄህ ነበር። አልመለስክልኝም፣ አይቼዋለሁ።

ወርቅውሃ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ኤርምያስ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። መኪናዋን አገኘኋት፤ ቁጥሩ ያው ነው። ከፍቼ አየኋት፣ ዘበኛውን ለምኜ ትንሽ ነዳኋት። በአንድ ቃል ካሉኝ፣ ጋሪ ናት። የቀረውን በሌላ ጊዜ።

ኩምሳ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኩምሳ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስህ።

ወረቀትህ የደረሰኝ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አነበብኩት፣ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ስቄም አልቅሼም አላውቅ እንዲያ። የሱሉልታ ጋሪ አንሶኝ ነው ከባሕር ማዶ ጋሪ የማስመጣው? እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ጊደሮቼን አተረፍክልኝ።

በማግስቱ ቡራዩ ሄጄ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ገብረየስ ይከራከረኛል ብዬ ወገቤን አስሬ ነበር የሄድኩት። ምን ይከራከራል፤ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሻይ ካልጠጡ አይሄዱም ብሎ በግድ አስቀመጠኝ። አንዳች ነገር ጠርጥሬ ነበር፣ ግን ያንተን ቃል ይዣለሁና ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሌላ ልፈልግ ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ ወይ የለም፣ ወይ ዋጋው አይቀመስም። ሚኒባሱም ቀርቷል፤ ለሠርግ መከራየት ይሻለኛል አለኝ ሰውዬው። እና ለያኔት ደውዬ እሺ አልኳት። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቅዳሜ፣ ዕቃዬን የሚጭን መኪና ይዛ ትመጣለች። ለተረፈችም ነግሬያታለሁ። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

አንተ በዚህ አትጨነቅ። ለገጣፎ ውኃው ሙቅ ነው አሉ። እንድትልክልኝ የምፈልገው ነገር የለም።

አክስትህ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

እንኳን አደረስዎ። በዓሉን እንዴት ዋሉ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም።

ጋሪ ያልኩት በኦሮምኛ ነው። ጥሩ ናት ማለቴ ነበር። እንዴት ያለች መኪና መሰለችዎ፤ ድምፅ የላት፣ ጉልበቷ የጉድ፣ የሱሉልታን ዳገት ሳታለከልክ የምትወጣ። አጎቴ ደስ ሲላቸው ምን ነበር የሚሉት? ዝናቡ ጋሪ ነው፣ ወተቱ ጋሪ ነው፣ ወርቄ ጋሪ ናት። አንድ ቃል ብቻ ሲሉኝ ከሁሉም ቃል የሳቸውን መረጥኩ። ሲያነቡት እሳቸው የተናገሩ ያህል ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። ዕድሜ ልኬን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ከሰላምታ በቀር አንዲት የኦሮምኛ ቃል ሳልቀላቅል ኖሬ፣ በዚያች ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደግሞ ስለ መኪና እየጻፍኩ። ራሴን ብመታው አይወጣልኝም።

እቴቴ፣ ይመለሱና ገብረየስን ይጠይቁት። ጭማሪው ምንም ይሁን ምን እኔ እልካለሁ። ገንዘብ አለኝ። ከየት አመጣው እንዳይሉ፣ እውነቱን ልንገርዎ። መቼ ትመጣለህ ሲሉኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው። አጎቴን ቀብረን ስመለስ፣ ሁለተኛ የምመጣው የራሴን መኪና ይዤ ነው ብዬ ለራሴ ማልኩ። የሰፈር ሰው ሁሉ «ኩምሳ መኪና መሃል ነው የሚሠራው» እያለ፣ በታክሲ ተጋፍቼ ደጅዎ ብወርድ ምን እባላለሁ? ትንሽ ቪትዝ ነበር ያሰብኩት። እኔ ሳጠራቅም ዋጋው ይሮጣል፤ ደረስኩበት ስል ደግሞ እንዳይገባ ተከለከለ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

እና ገንዘቡ ቁጭ ብሏል። ለእርስዎ መኪና ይሁን። እባክዎ ለገጣፎ አይሂዱ። እዚያ ቤት እርስዎ ከሌሉ እኔ የምመጣው ወዴት ነው?

የእርስዎው
ኩምሳ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኩምሴ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጥፋቱን ብቻህን አትሸከመው። ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን፣ ባይሳ ለእናቱ «ወርቄ ጋሪ ናት» ሲል ሰምቼ ሰደበኝ ብዬ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ያንኑ ቃል ሁለተኛ ተሳሳትኩት። እሱ ቢሰማ እስኪያለቅስ ይስቅብን ነበር።

ገብረየስ ጋ ሄጄ ነበር። ሸጧታል። የሚቀጥለዋ ስትገባ ዋጋዋ የኔዋ ከነበረችው በሲሶ ይበልጣል አለኝ። እሷንም ቢሆን መቼ እንደምትገባ አያውቅም። ስመለስ የፎቶዋን መኪና ቡራዩ መንገድ ላይ አየኋት፤ ፍራሽ ጭና፣ ድምፅ ሳታሰማ እልፍ አለች። እንዳልከው ጥሩ ናት።

ገንዘብህን እንዳትልክ። ዕቃዬን ሸክፌያለሁ። በኔ አትዘን፣ በርታ።

ወርቅውሃ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ኤርምያስ ባዶ እጁን መጣ። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። ያኔት ጋ ልደውል እልና የምላት ይጠፋኛል። ለገጣፎ ገቡ? ክፍሉ ተስማማዎ? ሌላ ጊዜ ቢያንስ ይቆጡኝ ነበር፤ አሁን ምንም ስለማይጠይቁኝ ፈራሁ። ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ይዘዙኝ።

ኩምሳ


ሱሉልታ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኩምሳ፣

አካም ጂርታ? ቀኑ ይውጣልህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ። ከላይ የጻፍኩትን አይተኸዋል? ሱሉልታ ነው የሚለው።

ዝም ያልኩት ጊዜ አጥቼ ነው። ሥራ በዝቶብኛል፣ እንዳንተ። ስልኩም ከዕቃ ጋር ታሽጎ የት እንደገባ የተገኘው ትናንት ነው።

በቀጠሮው ቅዳሜ ያኔት በማለዳ ደረሰች። አይሱዙ ተከራይታ፣ ወንዲ ከሚባል ሾፌር ጋር። አልጋውን ለኋላ ትተው ሶፋውን ቀድመው ጫኑት፤ ትልቁን፣ ባይሳ ለያኔት ምርቃት ያሠራውን። እኔ ውሻዬን ቡሌን የት እንደማደርገው እየተጨነቅሁ በሩን ስከፍት፣ ተረፈች ደጁ ላይ ቆማለች። ብቻዋን አይደለችም፣ ሁሉም ሴቶች መጥተዋል፣ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው። «ዘግቻለሁ ብያችሁ የለ» አልኳቸው። ተረፈች «ሰምተናል» አለችኝ። «ታዲያ?» ስላት «ላሞቹ አልሰሙም» አለች።

ኩምሴ፣ እዚያው በቆምኩበት አለቀስኩ። አፍሬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ እንጂ ምንም አልጠቀመኝም። እኔ ከተውኩ ወዲህ ወተታቸውን የሚሰበስበው ሰውዬ ዋጋውን እሱ ይቆርጣል፣ ሲለካም ያጎድልባቸዋል። አንድ ቀን ብቻ ውሰጂልን፣ ከዚያ ትሄጃለሽ አሉኝ። በምን ልውሰደው? መኪና የለኝም ብዬ ጮህኩባቸው።

ወንዲ ሶፋውን እያሰረ ይሰማ ኖሯል። «ማዘር፣ ወተቱ የት ነው የሚደርሰው?» አለኝ። አዲሱ ገበያ አልኩት። «ቤቴ እኮ አዲሱ ገበያ ነው» አለ። ሌሊት ከመርካቶ ለሱሉልታና ለጫንጮ ሱቆች ዕቃ ያመጣል፣ ጠዋት ባዶውን ይወርዳል። በየቀኑ። ከበሬ ፊት ለፊት እያለፈ፣ ባዶውን። እኔ ከአምስት ወር በላይ ቡራዩ ስመላለስ፣ ጊደሮቼን ልሸጥ ስል፣ ያንተን ቃል ስፈታ፣ መኪናው በደጄ ያልፍ ነበር። «የመልስ ስለሆነ ብዙ አላስከፍልሽም» አለኝ፤ ያለኝ ዋጋ ለፒክአፕዋ ለነዳጅ ከማወጣው ያንሳል። «ግን ዛሬ ሶፋው ሞልቶታል» አለ።

እኔ ያኔትን አላየኋትም፣ ማየት ፈራሁ። ቃል ሰጥቻታለሁ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች። እሷ ጀሪካኖቹን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ «ሶፋውን አውርዱት» አለች።

ሶፋው ወረደ፣ ወተቱ ወጣ። እኔ ጋቢና ገባሁ። ያኔት ከኋላ በመኪናዋ ተከትላን እስከ አዲሱ ገበያ ወረደች፤ የካፌው ባለቤት «የት ጠፍተው ነው?» ሲለኝ ቆማ ሰማች። በሷ መኪና ተመለስን፣ ቤት ስንደርስ እቅፍ አደረገችኝና «ክፍሉ አይሸሽም» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንዲ አንድም ቀን አልቀረም። አንድ ቀን ቢቀር ደግሞ ከኋላው የሚመጡ ባዶዎች ሞልተዋል፣ አሁን ዓይኔ ተከፍቷል፣ ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ።

ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ይዘዙኝ ብለሃል። እሺ፣ አዝሃለሁ። ሶፋው እስካሁን ግቢ ውስጥ ነው። ላስቲክ አልብሼዋለሁ፣ ክረምቱ ግን ሲገባ ላስቲክ አይሰማም። ወንዲ ዘወትር ይቸኩላል፣ እኔ ወገብ የለኝም፣ እነተረፈችን ደግሞ ሶፋ አላሸክምም። ሰኔ ሳይገባ ድረስልኝ። በኤርምያስ መኪና ና፣ በታክሲ ተጋፍተህ ና፣ እንዳሻህ። ሶፋ በክንድ ነው የሚገባው፤ መኪና ይዘህ ና ብዬህ አላውቅም።

አክስትህ
ወርቅውሃ